ያልተከፈተው ክርን

ዓይኗን ብትጨፍን ያው ብርሃን ነው፣ ብትገልጥም ያው ብርሃን። በዚህ በሰሜን ኖርዌይ ሰኔ ሲገባ ፀሐይ መጥለቋን ትተዋለች፤ የአገሬው ሰው በዚህ ደስ ይለዋል፣ ከውሰር ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ ሳይዞር ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ረመዳን ነው። ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር ማፍጠሪያ ሰዓት ስለሌለው የከተማው ጥቂት ሙስሊሞች በመካ ሰዓት ለማፍጠር ተስማምተዋል፤ እናም እሷ በመካ ሰዓት ትበላለች፣ በኖርዌይ ሰዓት ትሠራለች፣ በሶዶ ሰዓት ትጨነቃለች። አሁን ቅዳሜ ረፋድ ነው። መጋረጃውን በፕላስተር ከግድግዳው ጋር አጣብቃ፣ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣለች። ከአንድ ሰዓት በፊት አባቷ አቶ ሳሊህ ደውለው ነበር። የእህቷ የዛራ ልጅ ናጂያ፣ ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላት፣ ኦቶና ሆስፒታል ተኝታለች፤ ቀኝ እጇ ጠቁሯል፤ ሐኪሙ ዛሬውኑ ከክርኗ በላይ ካልተቆረጠ ልጅቷን እናጣታለን ብሏል። የልጅቷ አባት ደቡብ አፍሪካ ከገባ ዓመት ስላለፈው የሚፈረመው ወረቀት አያትየው እጅ ላይ ነው፤ አያትየው ግን አልፈርምም አሉ። «አንቺ ሳትናገሪ አልፈርምም። የመገጣጠሚያ ሰው አንቺ ነሽ። ይቆረጥ ካልሽ ይቆረጣል፤ መድኃኒትሽ ይደርሳል ካልሽ እንጠብቃለን» አሉ። እሷስ ምን አለች? «እዚህ ያሉትን ትልልቆቹን ልጠይቅና ልንገርዎት፣ አባ።» እሳቸውም «እንግዲያው ዙሁር ሰግጄ እደውላለሁ» ብለው ዘጉ።

የምትጠይቀው ትልቅ ሰው የለም። መልሱን አባቷ ወሬውን ሳይጨርሱ ታውቀዋለች፤ አንድ ቃል ነው፣ ሕፃን ልጅም ይናገረዋል። ግን ያችን አንዲት ቃል ካለች ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ማለት አለባት፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ያለውን ሁሉ፤ ይህን ፈርታ ነው ሁለት ሰዓት የለመነችው። ሁለት ሰዓት ከማን ላይ? ከሕፃን ልጅ ላይ። ወይ አንቺ ከውሰር፣ ወይ አንቺ የተማርሽው!

ናጂያ የተወለደች ጊዜ እሷ እዚህ ከመጣች ስድስት ወሯ ነበር። ልጅቷ ሙሉ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ቀኝ እጇ ብቻ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ አንድ ወጥ ነው፤ ክርን በሚባለው ቦታ ቆዳው እንኳ አልተሸበሸበም። ሐኪሙ በራጅ አይቶ ነገሩን በአጭሩ ነገራቸው፦ በተፈጥሮ የተዘጋ ነው፣ አጥንቱ አንድ ሆኗል፣ አትነካኩት፣ ግራዋን ትጠቀም፣ ካደገች በኋላ እናያለን። ከዚህ የተሻለ ምክር ማንም አልሰጣቸውም፣ እሷም ጭምር። ግን በሳሊህ ቤት በግራ አይበላም። ዛራ በቪዲዮ አሳይታታለች፤ ናጂያ የተቀቀለ የቦይና ሥር በቀኝ እጇ ትይዛለች፣ ወደ አፏ ልታመጣ ትሞክራለች፣ እጁ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ አንገቷን ትሰብራለች፣ ትጎነበሳለች፣ አይደርስም። ከዚያ ትስቅና አያቷን ታጎርሳቸዋለች። የራሷ አፍ ጋ የማይደርሰው እጅ የሰው አፍ ጋ ይደርሳል። አባቷ ይጎርሳሉ፣ ጎርሰው ፊታቸውን ያዞራሉ። ዛራ ከካሜራው ጀርባ «አየሻት አይደል? አየሻት?» ትላለች። ያን ቀን ነው ከውሰር የምርምር ርዕሷን የቀየረችው። ስለ ጡንቻ ልታጠና መጥታ ስለ መገጣጠሚያ ልታጠና ቆረጠች፤ ያኔ ቤተሰቡ በኩራት፣ ገበያው ደግሞ በፌዝ አወራ፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አለ ጎረቤቱ፣ አክስቲቱ የመገጣጠሚያ ሊቅ፣ ልጅቷ መገጣጠሚያ የላት!

ሥራዋ እንቁላል ነው። ጠዋት ገብታ መፈልፈያ ማሽኑን ትከፍታለች፣ ቅርፊቱን በመቀስ በስሱ ትበሳለች፣ ከውስጥ የጥፍር ያህል ክንፍ ያበቀለ ጽንስ ይተኛል። በአምስተኛው ቀን ያ ክንፍ ውስጡ አንድ ለጋ ዘንግ ብቻ ነው፤ መታጠፊያ የለው፣ ክርን የለው። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚጀምረው፣ እሷም፣ አባቷም፤ ሁላችንም አንድ ጊዜ እንደ ናጂያ ነበርን። ከዚያ ከዘንጉ መካከል ጥቂት ሕዋሳት ከጎረቤቶቻቸው መልእክት ይደርሳቸዋል፦ እናንተ አጥንት አትሁኑ። አንዱ ፕሮቲን እዚህ ይለያይ ይላል፣ ሌላው አጥንት ሁኑ የሚለውን ጩኸት ከእነሱ ይከላከላል፤ ሕዋሳቱም ይሰማሉ፣ ይሳሳሉ፣ ጠፍጠፍ ብለው በአግድም ይተኛሉ፣ ቆይቶ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ክርን ማለት አጥንት እንዳይሆኑ የተነገራቸው ሕዋሳት ቦታ ነው። መልእክቱ በሰዓቱ ካልደረሰ ወይም ደርሶ ካልተሰማ፣ ሁሉም አጥንት ይሆናል፣ ነገሩም አበቃ። በሰው ልጅ ይህ የሚሆነው በእርግዝናው በሁለተኛው ወር ነው፤ ዛራ ገና ማርገዝ አለማርገዟን ሳታውቅ፣ ሱቅ ውስጥ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር፣ ያኔ አልቆ ነበር።

ይህን እያወቀች ከውሰር አንድ ቂላቂል ሥራ ትሠራለች። ከአሸዋ የምታንስ ዶቃ በፕሮቲኑ ትነክርና የጽንሱ ክንፍ ውስጥ ትቀብራለች። በአምስተኛው ቀን ከተቀበረች የዶቃዋ መልእክት ይሰማል፤ ዘንጉ አጠገቧ ይለወጣል። በሰባተኛው ቀን ጥቂት። በዘጠነኛው ምንም። አለቃዋ ሲግሪድ፣ ደግ ሴት ናት፣ «ይህን እኮ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ እናውቀዋለን፣ ለምን ታዘገዪዋለሽ?» ትላታለች። ለምን እንደምታዘገየው ብትነግራት ታለቅሳለች ብላ ፈርታ አልነገረቻትም። አሥረኛ ቀን። አሥራ ሁለተኛ ቀን። አሥራ ሦስተኛ። በዚህ አገር ደንብ በእንቁላል ውስጥ ያለ ጫጩት እስከ አሥራ አራተኛው ቀን እንስሳ አይባልም፣ ከዚያ ወዲያ ግን እንስሳ ነውና ፈቃድ ይጠየቅለታል፤ አሥራ ሰባት ገጽ ቅጽ ሞልታ አስገብታለች፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ «ከዚህ ሥቃይ ማን ይጠቀማል?» ይላል፣ እሷም «ዕውቀት» ብላ ጽፋለች። ናጂያ ብላ መጻፍ ነበረባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቅጹም አልመለሰላት፣ እሷም አልተወችም።

ሚያዝያ ላይ ነው የተደወለላት፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቷ ሱቅ ናቸው፣ ስልኩን እንደ ልማዳቸው ስፒከር ላይ አድርገው የጨው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡታል፤ ጎረቤት አለ፣ ደንበኛ አለ፣ ዛራ አለች። «ተናገሪ ልጄ፣ ሁሉም ይሰማሻል። ምን ላይ ደረስሽ?» ይላሉ። እሷም ያን ሳምንት አንድ ነገር አይታ ደስ ብሏታል፤ እውነተኛ ነገር፣ በመጽሐፍም ያለ፤ ክፍተቱ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ጽንሱ ስለሚንፈራገጥ ነው፤ በመድኃኒት እንዳይንቀሳቀስ የተደረገ ጫጩት መገጣጠሚያው መልሶ ይዘጋል። ይህን ነገረቻቸው፤ ስለምትቀብራት ዶቃም፣ እነሱ መድኃኒት ስለሚሏት፣ አነሳችላቸው። በአማርኛ አሳምራ ነገረቻቸው። «እንቅስቃሴ ነው ዋናው፣ አባ። ሕዋሳቱ እንቅስቃሴ ሲሰማቸው አጥንት መሆን ይተዋሉ። የማይንቀሳቀስ ይዘጋል፣ የሚንቀሳቀስ ይከፈታል።» ከዚያ ዛራ፣ ናጂያ ከተወለደች ወዲህ ከውሰር ያልሰማችላትን ድምፅ ይዛ፣ «እንግዲያው እናንቀሳቅሰዋለና!» አለች። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ አሚን አሉ። አባቷ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ከሰማች ቆይታለች። አሁን ነው፣ ብላ አሰበች፣ አሁን ነው «በእንቁላል ውስጥ ላለ ነው» ማለት ያለብኝ፣ «ከመወለድ በፊት ነው፣ ለናጂያ አልፏል» ማለት ያለብኝ። አፏን ከፈተች። «ኢንሻአላህ። ቀስ ብላችሁ» አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ሰው፤ እሷን የገደላት ግን ከአፏ ሳይወጣ የቀረው ነው።

ቀስ ብለውማ ነበር። ወጌሻ ጠሩ፤ አቶ ጩማ፣ ከጉኑኖ፣ የብዙ ሰው እጅና እግር አቃንቶ የመለሰ፣ ገንዘብ ከድኃ የማይቀበል ሰው። መጀመሪያ እሱም እምቢ ብሎ ነበር፤ በስልክ አቀረቡላት። «እኔ የተሰበረ ነው የማውቅ፣ ይሄ እጅ አልተሰበረችም፤ እግዜር ነው እንዲህ የሰራች። አንቺ ዶክተር ናት፣ ንካ ካልሽኝ እነካለሁ፣ ተው ካልሽኝ እተዋለሁ» አላት። ሰውየው ዕድሜ ሙሉ አጥንት ዳስሶ የሚያውቀውን አወቀ፤ አጥንት የማይዳስሰው የእሷ ዶክተርነት ግን በለጠበት። ዶክተር ይሏታል እንጂ ሐኪም እንኳ አይደለችም። ምን መለሰች? «በቅቤ ማሸት አይጎዳም» አለች። አይጎዳምም ነበር፣ ማሸት ብቻ ቢሆን። ጠዋትና ማታ አሹ፣ ግንቦትን ሁሉ አሹ፤ ከዚያ ትንሽ መጫን ተጀመረ፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር፤ እንቅስቃሴ ነው ዋናው ተብሏል፣ የማይንቀሳቀስ ይዘጋል ተብሏል፣ ማን ብሎ? ከባሕር ማዶ ከውሰር ብላ።

ያለፈው እሑድ ላብራቶሪ ሆና የዛራ የድምፅ መልእክት ገባላት። ሦስት ጊዜ ሰምታዋለች፤ አሁንም ሳትከፍተው ትሰማዋለች። ከኋላ እልልታ አለ። ናጂያ ትጮሃለች፣ ጩኸቱን እልልታው ይውጠዋል። ዛራ እያለቀሰች፣ በደስታ እያለቀሰች፣ «ተከፈተልን ከውሰሬ! ጩሚዬ ሲያጥፈው ቋ አለና ታጠፈ! በዓይኔ አየሁት፣ እጇ ተጣጠፈ! አላህ ይስጥሽ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥሽ እህቴ!» ትላለች። ቋ። ከውሰር ጓንቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቋ የሚለው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ክርን ሲከፈት ድምፅ የለውም፣ ክርን የሚከፈተው በጨለማ ማህፀን ውስጥ ነው፣ ማንም ሳይሰማ፤ ቋ የሚለው አጥንት ነው። «ተሰብሯል፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት» ብላ ጻፈች። ጽሑፉን አየችው። ዛራ ስታነበው ታየቻት፣ እልልታው ሲቆም ተሰማት፣ አባቷ ሚዛኑ ላይ ተደግፈው ቀስ ብለው ሲቀመጡ ታዩዋት። አጠፋችው። የልጅ አጥንት ቶሎ ይጠግናል፣ ጩማ ደግሞ ስብራት ያውቃል ብላ ራሷን ሸነገለች። በምትኩ «ማሻአላህ። እንዳታስጨንቋት» ብላ ላከች።

ጩማ ያውቃልና ማታውኑ ዛራን ለብቻዋ ጠርቶ መሰበሩን ነገራት፤ እሱ ግን ሰብሮ መክፈትም አንድ መንገድ ይሆን ይሆናል ብሎ አሰበ፣ ዶክተሯ ማሻአላህ ብላ የለ? ቀርከሃ ጠፍጥፎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደታጠፈ እንዲይዝ ጠበቅ አድርጎ አሰረው። ሰኞ ናጂያ ስታለቅስ ዋለች። ማክሰኞ ስታለቅስ አደረች። ረቡዕ ከውሰር ስትደውል ዛራ «ዛሬ ተሽሏታል፣ ማልቀስ ትታለች፣ እጇን ብንነካትም አታለቅስም» አለቻት፤ እሷም ስልኩን ይዛ አልሐምዱሊላህ አለች። አለች እኮ! አልሐምዱሊላህ አለች። ደም ያልደረሰው እጅ ሦስተኛ ቀኑ ላይ ማመሙን እንደሚተው የማንኛውም ትምህርት ቤት ነርስ ያውቃል፤ እሷ ግን ስለ አንዲት ሕዋስ ሁሉን አውቃ ስለ አንዲት ልጅ ምንም ሳታውቅ ቀርታለች። ትናንት ዓርብ ጩማ ሊያየው ፈትቶት ጣቶቿን አየ። እሱ ራሱ አቅፏት ኦቶና ሮጠ ይላሉ፣ ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፣ እስካሁንም በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ እህል አልቀመሰም ይላሉ። ማንም አልተቆጣውም። እሷንም ማንም አልተቆጣትም፤ ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው፣ ይልቅስ ይጠብቋታል።

ትናንት ማታ የዚህን አገር የጤና ምክር መስመር ደውላ ነበር፤ ምን ፈልጋ እንደሆነ እሷም አታውቅ፤ ሌላ ሰው አይቆረጥም እንዲላት ይሆናል፣ ወይም ሌላ ሰው ይቆረጥ እንዲልላት። ሴትየዋ በትሕትና «የታካሚዋ የመታወቂያ ቁጥር?» አለቻት። ቁጥር የላትም። «ያለ ቁጥር ፋይል መክፈት አልችልም፣ ልጅቷ የት ናት?» ሶዶ። «ሶዶ በየትኛው ወረዳ ነው?» ወላይታ። ሴትየዋ ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማታል፣ ከዚያ «ላገኘው አልቻልኩም» አለች፤ ከውሰርም አመስግና ዘጋች። ምስጋናው ከልቧ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሰው ናጂያን ፈልጎ ነበር።

አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ሙሉ! መርዝ በአንድ ሰዓት ስንት ጣት ይሄዳል? ብድግ አለች፣ መጋረጃው ተላጠ፣ ያች የማትሞት ፀሐይ ፊቷን መታችው። ልደውል፣ አለች፣ አባ ዙሁር እስኪሰግዱ ምን ያስጠብቀኛል፣ አንድ ቃል ናት። ደወለች። የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም። ለዛራ ደወለች። ሊገኙ አይችሉም። ኢሞ ላይ ሞከረች፣ ይዞራል፣ ይዞራል። እንደገና። ደንበኛው ሊገኙ አይችሉም፣ እባክዎ ቆየት ብለው ይደውሉ። ቆየት ብለው! ቆየት ማለትን ከእሷ ወዲያ ማን ያውቃል፤ ሚያዝያ ላይ ቆየች፣ እሑድ ላይ ቆየች፣ ዛሬም ጠዋት ቃሉ ምላሷ ላይ እያለ፣ መስመሩ ጥርት ብሎ እያለ፣ የአባቷ ትንፋሽ እንኳ እየተሰማት፣ ቆየች። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደወለች። ጽሑፍ ላከች፣ ይቁረጡ፣ ይፈርሙ፣ ቶሎ፤ አባቷ ጽሑፍ እንደማያነቡ ታውቃለች። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላህ ሆይ፣ እጇን አልለምንህም፣ እጇን አልፌዋለሁ፣ ልጅቷን።

ስልኩ ሲጮህ በሶዶ ሰባት ሰዓት ሆኗል።

«አባ፣ ይፈርሙ!»

«ጠየቅሻቸው?»

«የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ይፈርሙ አባ፣ እባክዎ፣ አሁን።»

«መድኃኒቱስ? ያ የምትቀብሪው? ሰው አለ እኮ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚያመጣ፣ ተነጋግሬያለሁ።»

«መድኃኒት የለም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ድሮም አልነበረም። ሚያዝያ ላይ የነገርኳችሁ ገና ስላልተወለደ ጽንስ ነው። ናጂያ ስትወለድ ጊዜው አልፎ ነበር። አውቅ ነበር። ደስ ስላላችሁ ዝም አልኩ። እሑድም... እሑድም ቋ ያለው አጥንቷ መሆኑን አውቄ ነበር።»

ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፤ ዛሬም እንደ ልማዳቸው ስፒከር ላይ ነበር። ከራቅ ብሎ የዛራ ድምፅ መጣ፣ ጩኸት የለው፣ ለቅሶ የለው፣ ዋጋ እንደምትጠይቅ ደንበኛ ያለ ድምፅ።

«እሑድ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

የዛራ እርምጃ ወደ በሩ ራቀ። በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ አንድ ወንድ፣ ሐኪሙ መሆን አለበት፣ «እዚህ ጋ፣ ከስምዎ ሥር» አለ፤ አባቷም «እሺ» አሉ፤ ወረቀት ተንኮሻኮሸ፤ የአልጋ ጎማ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከውሰር ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጨምድዳ ይዛ ቀረች፤ ይዘጉታል ብላ ጠበቀች፣ አልዘጉትም።

«አለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«አለሁ፣ አባ።»

«መስጊድ ሸሁን ጠይቄያቸዋለሁ። እጅም ቢሆን ይቀበራል አሉ። ይታጠባል፣ በነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ሶላት ግን የለውም። ዛሬውኑ ነው የሚሆነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከእናትሽ መቃብር ጎን አንድ ቦታ አለች። ለራሴ ብዬ ያስከለልኳት ናት፣ ሰባት ዓመቷ። እዚያ ላድርገው?»

ተቆጥተው ይሆን፣ ይቅር ብለዋት ይሆን፣ ከድምፃቸው ለመለየት ሞከረች። የደከመ ሽማግሌ ድምፅ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

«እርስዎስ?» አለች።

«እኔማ ትልቅ ሰው ነኝ፣ የትም ይሆንልኛል። በይ እንጂ ልጄ፣ ጨርቁን ሳልገዛ ሱቆቹ ይዘጋሉ። እዚያ ላድርገው ወይ?»

«እዚያ ያድርጉት» አለች። እሳቸውም እሺ ብለው ዘጉት።